የደብሬ ጃንጥላ

ደብሬ ሞተች ብለው ሊነግሩኝ የመጡት ሴቶች አስቀድመው «እንዳትጮኺ» አሉኝ። ልጩኽ አልጩኽ ማን አማከራቸው? ጮኽሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሐይቁ ዳር ጎን ለጎን ተቀምጠን አሳ የበለትን ሰዎች ነን፤ አንዷ ስትሄድ ሌላዋ ዝም ካለች ጣናም ይታዘባል።

ጩኸቴን ሳልጨርስ አቶ ልመንህ ወረቀቱን ይዞ ገባ። አቶ ልመንህ የእድራችን ጸሐፊ ነው። በደብራችንም ንግሥ ሲሆን ድምፅ ማጉያ ይዞ የምእመኑን ስእለት የሚያነበው እሱ ነው። ሰው ሲሞት ደግሞ የሕይወት ታሪኩን ጽፎ በቀብሩ ላይ ያነባል። ክፉ ሰው አይደለም፤ የእጅ ጽሑፉም ያምራል። ችግሩ ሟች ሁሉ በእሱ ብዕር ካለፈ በኋላ አንድ ዓይነት ይሆናል፤ ሁሉም እንግዳ ተቀባይ፣ ሁሉም ለተቸገረ ደራሽ።

«እትዬ ይታይሽ፣ እርስዎ ከሁላችንም ይበልጥ ያውቋቸዋልና ይስሙልኝ» ብሎ ማንበብ ጀመረ። «ወይዘሮ ደብሬ በጸሎት የጸኑ፣ እግዚአብሔርም ልመናቸውን የሰማላቸው፣ ስእለታቸው ደርሶላቸው ለደብራችን የከፋይ ጃንጥላ ያበረከቱ…»

«አቁም» አልሁት።

«ምን አጠፋሁ?»

«ይህችን ነገር አንድ ጊዜ ተሳስተሃታል። እንደገና ልትሳሳታት ነው?»

አቀረቀረ። «አውቃለሁ እትዬ። ግን በለቀስተኛ ፊት ‹ለምነው አልተሰጣቸውም› ተብሎ እንዴት ይነበባል? የሳቸው ክብር አለ፤ የእግዚአብሔርም ክብር አለ።»

«የእግዚአብሔርን ክብር ጠባቂ አድርጎ የሾመህ ማነው?»

«እስኪ አስብበታለሁ» አለ። «ደግሞም የሚነበበው አንድ ገጽ ብቻ ነው።»

«አስብ። ነገ እንዲህ ብለህ ካነበብህ ግን ከለቀስተኛው መሐል ብድግ ብዬ አስቆምሃለሁ። ታውቀኛለህ።»

ያውቀኛል። ወረቀቱን አጥፎ ሄደ። የእሱ አንድ ገጽ አልበቃኝም፤ ይኸው ደብተር ገዝቼ እኔው እጽፋለሁ። የተማርሁት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ለእውነት ግን ስድስተኛ ክፍል ይበቃል።

ደብሬ ረጅም፣ ቀጭን ሴት ነበረች። ቤቷ ከከተማው ዳር፣ ሰባታሚት ነው፤ ከዚያ ድረስ በእግሯ መጥታ ከሁላችንም ቀድማ ሐይቁ ዳር ትደርሳለች። ቆሮሶ አሳ ስትበልት እጇን ማየት ነው። ቅርፊቱን ጠርጋ፣ ሥጋውን ከአጥንቱ ለይታ ስታነሣው አጥንቱ ላይ ድመት እንኳ የምትልሰው አይቀርም። አንድ ልማድ ነበራት። ሰው ስታናግር ወይም ስትጠቁም ቢላዋዋን ገልብጣ በእጀታው ነበር። የሚቆርጠውን ጎን ወደ ሰው ማዞር ለእሷ ስድብ ነበር። ብትቆጣም፣ ብትስቅም፣ ብትቸኩልም አትረሳም።

ሌላው ልማዷ ገዢ የሚያሸሽ ነበር። ከሐይቁ ማዶ ከደልጊ በኩል የሚመጣው አሳ አንዳንዴ አድሮ ነው የሚደርሰን። አንድ ጠዋት የሆቴል ገዢ መጣና «ትኩስ ነው?» አላት።

«የትናንት ነው» አለችው፣ እጇን ሳታቋርጥ።

ሰውየው ወደ እኔ ዞረ። «ያንቺስ፣ እናቴ?»

«አሁን ከጀልባ የወረደ ነው» አልሁት። ውሸቴን ነው። የሷም የእኔም ከአንድ ጀልባ ነው የወረደው፣ ያውም አድሮ።

ደብሬ በሰውየው ፊት ትንፍሽ አላለችም። ገዝቶ ሲሄድ ጠብቃ ቢላዋዋን ገለበጠችና ከፊቴ የቀረውን አሳ ራሱን በእጀታው ነካ ነካ አደረገችው። «ይታይሽ፣ ዓይኑን እኮ አልከደንሽለትም። ይመሰክርብሻል።»

አየሁት። ያደረ አሳ ዓይኑ ይደበዝዛል፤ ወደ ውስጥ ይገባል። እኔ ለፍትሕ ስሟገት የኖርሁ ሰው ነኝ። በውኃ ወረፋ ላይ እንኳ ተራዬን ያለፈች ሴት እስከ ቀበሌ ድረስ አድርሻታለሁ። ያን ዕለት ግን አንድ የሞተ አሳ ቀና ብዬ እንዳላይ አደረገኝ። ከዚያ ወዲህ የትናንቱን የትናንት ማለት ጀመርሁ። ገዢ ቀነሰብን? አዎ ቀነሰብን። ደብሬን ምንም አልመሰላትም።

አንዲት ልጅ ነበረቻት፤ ማስተዋል ትባላለች። አባቷ ገና ሳታውቀው ነው የሞተው። ማስተዋል በመምህራን ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመቷ ላይ ሳለች ታመመች። መጀመሪያ ድካም ነው አልን፤ ቀጥሎ ትኩሳት መጣ፤ ከዚያ ከድዷ ደም። ሐኪሞቹ የደም ካንሰር ነው አሉ። አዲስ አበባ ድረስ ወሰደቻት። ጸበሉም መድኃኒቱም ጎን ለጎን ሄደ።

ደብሬ ያን ጊዜ ተሳለች። «ማስተዋልን ከማርህልኝ ለታቦትህ የከፋይ ጃንጥላ አስገባለሁ» አለች። እንግዲህ በእኛ ደንብ ስእለት የሚገባው ከደረሰ በኋላ ነው። የደረሰለት ሰው የተሳለውን ይዞ ለንግሡ ይመጣል፤ በሕዝብ ፊት ይነበብለታል፤ እልል ይባልለታል። ያልደረሰለት ዝም ይላል። ማንም አይጠይቀውም፤ እሱም አያነሣውም።

ደብሬ ግን ልጅቷ ሳትድን ከፋዩን ልትገዛ ተነሣች። አብሬያት ሐጂ ኑሩ ሱቅ ሄድሁ። ሐጂ ቀዩን ከፋይ እየለኩ «ልጅቱ ተሻላት?» አሏት።

«ገና ነው ሐጂ።»

«ታዲያ ምን አስቸኮለሽ?»

«ሲሰጠኝ እጄ ባዶ እንዳይሆን።»

ሐጂ ለኩና ቆረጡ። ከመደርደሪያው ላይ የወርቅ መልክ ያለውን ዘርፍ አውርደው ከላይ ጨመሩበት። «ይሄ ከእኔ ነው። እኛም ዱዓ እናደርግላታለን» አሏት።

ያንን ዘርፍ ደብሬ ከልጇ አልጋ አጠገብ ተቀምጣ በእጇ ሰፋችው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አጥሚት ይዤ ሄድሁ። ማስተዋል ራሷን በሻሽ አስራ ትራሱን ተደግፋ እናቷን ታያለች።

«እማ» አለቻት፣ «ብሞትስ ጃንጥላውን ምን ታደርጊዋለሽ?»

እኔ «ሟርት አትናገሪ!» ልላት አፌን ከፈትሁ። ደብሬ ቀደመችኝ። መርፌዋን ከፋዩ ላይ ሰካችና ልጇን ትኩር ብላ አየቻት።

«አላውቅም ልጄ» አለቻት።

«በይ እንግዲያው አሳ ተራ ለጥላ ይሁንሽ። ፀሐዩ ፈጀሽ እኮ።»

«በወርቅ ዘርፍ ሥር አሳ ስበልት ሆቴሎቹ ዋጋ ጨመረች ብለው ይሸሹኛል» አለች ደብሬ። ሳቅን። ሦስታችንም ሳቅን። ማስተዋል እየሳቀች ሳል ያዛት፤ አጥሚቱን ሁለት ጊዜ ብቻ ፉት አለችልኝ።

ሳምንት አልቆየችም።

ለለቅሶ የመጣው ሁሉ የሚለውን ይዞ መጣ። «እግዚአብሔር የሚወደውን ቶሎ ይወስዳል» አሏት። «ለበጎ ነው» አሏት። አንዷ ጎረቤት ደግሞ ክንዷን ይዛ «ጸሎትሽ እኮ በሌላ መንገድ ተሰምቷል፤ ከሥቃይ አረፈችልሽ» አለቻት።

ደብሬ ቀስ ብላ ክንዷን አስለቀቀች። «እኔ በሌላ መንገድ አልለመንሁም» አለች። «ልጄን ነው የለመንሁት።»

በልቤ እሰይ አልሁ። ተናድጄ ነበር። ዛሬም ሳስበው እናደዳለሁ። ስንት የሰው ሐቅ የበላ እስከ ልጅ ልጁ ተንደላቆ ሲኖር፣ ያደረ አሳ ትኩስ ነው ብላ የማታውቅ ሴት አንዲት ልጇን ታጣለች። ይህ ፍርድ ነው? ቤተ ክርስቲያን መሄዴን ተውሁ። ደብሬም የምትተው መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ዓርባው እንዳለፈ ወደ ሥራ በተመለሰች በሁለተኛው ቀን፣ አምባዛ እያገላበጠች «ለንግሡ ጃንጥላውን አስገባለሁ» አለችኝ።

ቢላዋዬን አስቀመጥሁ። «ለምን ሲባል?»

«የሱ ስለሆነ።»

«አንቺ ሴት! ‹ከማርህልኝ› ነው ያልሽው። ማረልሽ? አልማረልሽም። ውል ውል ነው! እሱ ያልፈጸመውን አንቺ ምን አስፈጸመሽ? ይልቅ ቅደጂውና ለልጆች ጥብቆ ይሰፋበት።»

ቢላዋዋን ገለበጠችና በእጀታው ጉልበቴን ነካችኝ። «ይታይሽ፣ እኔ ከእግዚአብሔር ጋር አሳ አልተገበያየሁም።»

«ታዲያ ስእለቱ ምን ነበር?»

«ልጄን አጥብቄ መለመኛ ነበር። ለመንሁት። እምቢ አለኝ። እምቢ ስላለኝ አምላክነቱን ልቀማው?»

መልስ ሳጣ እቆጣለሁ፤ ባሕርዬ ነው። «ሞኝ ነሽ» ብያት መቀመጫዬን አንሥቼ ከሌሎቹ ሴቶች ዘንድ ሄድሁ። እስከ ንግሡ ድረስ አላናገርኋትም። ስታልፍ ሰላም ትለኛለች፤ እኔ የአሳ ቅርፊት እቆጥራለሁ።

በንግሡ ዕለት ሄድሁ። ለእግዚአብሔር ብዬ አይደለም፣ አልዋሽም፤ ጃንጥላው ሲገባ በዓይኔ አይቼ ልናደድ ነው የሄድሁት። ፀሐዩ ያቃጥል ነበር። ታቦቱ ወጥቶ ዑደቱን ጨርሶ ቆሟል። አቶ ልመንህ ያኔ ለሥራው አዲስ ነበር፤ ከሌላ ሰፈር ስለመጣ ሐዘናችንን አልሰማም። መዝገቡ ላይ የሚያገኘው ደብሬ ልጅቷ በሕይወት ሳለች ሄዳ ያስመዘገበችው ስእለት ነው። ያልደረሰለት ሰው ስእለት ያስገባል ብሎ ደግሞ ማን ያስባል? «ከማርህልኝ» የሚለውን እንደ ሁሉም ሰው ስእለት ገልብጦ አነበበው።

«ወይዘሮ ደብሬ! ልጃቸው ማስተዋል ከጽኑ ሕመም ድናላቸው፣ ስእለታቸው ደርሶ፣ የከፋይ ጃንጥላ! እልል በሉ!»

ሕዝቡ እልል አለ። እዚያ ሁሉ መሐል ነገሩ የገባን እኛ የአሳ ተራ ሴቶች ብቻ ነበርን። ደብሬን ፈለግኋት። ጃንጥላውን እንደታጠፈ ታቅፋ ቆማለች። እልልታው እስኪያልቅ ጠበቀች። ከዚያ በሰው መሐል እያለፈች ወጣች፤ አቶ ልመንህ ዘንድ ደርሳ እጇን ዘረጋች። እሱ ልትባርከው የመጣች መስሎት ፈገግ አለ። ድምፅ ማጉያውን ወሰደችበት።

«ልጁ ተሳስቷል፤ አትፍረዱበት» አለች። «ልጄ አልዳነችም። ማስተዋል ሞታለች። እዚሁ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነው የተኛችው። ለምኜ ነበር፤ አልተሰጠኝም። እልልታችሁን አልቀበልም፣ ለዳነች ልጅ ነው ያላችሁት።»

ደብሬ የታቀፈችውን ጃንጥላ በክንዷ አጠበቀች።

«ለምን እንደከለከለኝ አላውቅም። አልነገረኝም። እሱ ዝም ቢለኝም እኔ ግን ዝም አልለውም። ጃንጥላው የሱ ነው። እኔም የሱ ነኝ።»

ድምፅ ማጉያውን ለአቶ ልመንህ መለሰችለት። ስትመልስለት፣ ልክ እንደ ቢላዋው ገልብጣ፣ እጀታውን ወደ እሱ አድርጋ ነው። ይህን ያየሁት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ሕዝቡ እልል ይበል ያልቅስ አላወቀም። አቶ ልመንህ ላብ አጠመቀው። ሽማግሌው የደብሩ አስተዳዳሪ ቀረብ አሉና ጃንጥላውን ከእጇ ተቀበሏት፤ «አንተ ልመንህ፣ እንዳለችው አድርገህ አርመህ ጻፍ» አሉት። ከዚያ ጃንጥላውን ራሳቸው ዘረጉት። ቀዩ ከፋይ ተከፈተ፤ የሐጂ ኑሩ ዘርፍ ዙሪያውን ተንዠረገገ። ታቦቱ ወደ መንበሩ ሲመለስ ከበላዩ የተዘረጋው እሱ ነበር።

ያኮረፍኋት እኔው፣ አጠገቤ የቆመችውን የማላውቃትን በክርኔ ጎሸም አድርጌ «ጓደኛዬ ናት» አልኋት። «ማን?» አለች። «ያቺ! የተናገረችው! ጓደኛዬ ናት!»

ሲያበቃ ሄጄ ፊቷ ቆምሁ። «እንግዲህ ኩርፊያችን ይብቃ» አልኋት።

«አንቺ ነሽ እንጂ እኔ መች አኮረፍሁ» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ደብሬ ተጽናናች፣ ሰላም አገኘች ብዬ ብጽፍ የአቶ ልመንህ ብጤ መሆኔ ነው። ስንት ጊዜ ከሥራ ላይ ተነሥታ ፊቷን በውኃ ታጥባ ተመልሳለች። ጠዋት ጠዋት ጀልባ ስንጠብቅ ግን ፊቷን ወደ ሐይቁ አዙራ ትጸልያለች። ስትጨርስ «ዛሬስ?» እላታለሁ።

«ዝም ነው» ትለኛለች፣ ስለ ነፋስ እንደምታወራ። ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ሥራዋ።

አንድ ቀን አላስችል አለኝ። «ደብሬ፣ እኔ ግን አሁንም ፍርድ ጎድሏል እላለሁ።»

«እኔስ መች አልጎደለም አልሁ?»

«ታዲያ እንዴት ትችይዋለሽ?»

«አንቺ ፍርድ ጎደለ ብለሽ ለማን ነው የምትከሺው?»

«ለእሱው ነዋ! ለማን እከሳለሁ?»

«ታዲያ አንቺም ታምኚዋለሽ» አለችና ቆሮሶዋን አነሣች።

በዓመቱ ንግሥ ሁለት ሴቶች ያልደረሰ ስእለት ይዘው መጡ። አንዷ ከዱርቤቴ ድረስ ነው የመጣችው፤ ልጅ ለምና ማሕፀኗ ያልተከፈተላት። አቶ ልመንህ ተቸግሮ «ስእለታቸው ገና በመንገድ ላይ ያለ» ብሎ አነበበላቸው። ደብሬ አንብቦ ሲጨርስ ጠብቃ «‹ገና› አትበል ልጄ» አለችው። «የኔዋ ገና የላትም። ለምነው ያልተሰጣቸው በል። አይፈሩም።» ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ይላል። በእኛ ደብር ንግሥ ሲሆን መጀመሪያ ስእለታቸው የደረሰላቸው ይነበባሉ፤ ቀጥሎ ለምነው ያልተሰጣቸው። ለመጀመሪያዎቹ እልል ይባላል። ለሁለተኞቹ ሕዝቡ ብድግ ብሎ ይቆማል። ቁሙ ያለ የለም፤ አንድ ዓመት አንድ ሰው ቆመ፣ ሌላውም ተከተለ። ሌላ ቦታ እንዲህ ያለ አላየሁም፣ አልሰማሁም። ያመጣችው አንዲት አሳ የምትበልት ሴት ናት።

እንግዲህ ወደ ቀብሯ ልመለስ። ከጉድጓዱ አጠገብ ከፊት ቆምሁ፤ አቶ ልመንህ እንዲያየኝ። ወረቀቱን ዘረጋ። ትውልዷን አነበበ፤ እንግዳ ተቀባይነቷን አነበበ፤ ለተቸገረ ደራሽነቷን አነበበ። ከዚያ ቆመ። ቀና ብሎ አየኝ። እኔም አየሁት። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ።

«ወይዘሮ ደብሬ አንዲት ልጃቸውን እንዲምርላቸው እግዚአብሔርን ለመኑ፤ አልተሰጣቸውም። ጃንጥላውን ግን ሰጡት። እስከ ዕለተ ሞታቸውም ዝም አላሉትም።» ወረቀቱን ዝቅ አደረገ። «በዚያ ቀን የተሳሳትሁት እኔ ነኝ። ይቅር ብለውኛል።»

ለቀስተኛው ሁሉ ቆሞ ስለነበር የሚነሣ የለም። ወንዶቹ ግን ባርኔጣቸውን አወለቁ። ካህናቱ ከበላይዋ የዘረጉት ያንኑ ጃንጥላ ነበር። ከፋዩ ፀሐይ በልቶት ቀይነቱ ሄዷል፤ የሐጂ ዘርፍ ባንድ ወገን ተበጥሷል። ማስተዋል ፀሐዩ ፈጀሽ ያለቻት እናት በመጨረሻ ከሥሩ ገባች። እኔ አላለቀስሁም። የንጉሥ ዘመድ የምቀብር ይመስል አንገቴን ቀጥ አድርጌ ቆምሁ።

አሁን አንድ ነገር ይቀረኛል። ከአልጋዬ ሥር የተጠቀለለ የቤተ ክርስቲያን ምንጣፍ ነበር። ስለ ልጄ የተሳልሁት ነው፤ የት እንደገባ ሳላውቅ ድምፁን ካጣሁት አሥራ አንድ ዓመቱ። ሌላውን እዚህ አልጽፍም፤ ይህ የደብሬ ነው። እግዚአብሔር የኔን ሳይሰጥ የሱን አልሰጥም ብዬ አሥራ አንድ ዓመት ምንጣፉን ከአይጥ ስጠብቅ ኖርሁ። ደብሬ ታውቅ ነበር። አንድም ቀን አምጪው አላለችኝም።

ንግሡ ሲቃረብ ምንጣፉን በትከሻዬ አድርጌ አቶ ልመንህ ዘንድ ሄድሁ። አየኝና ከመቀመጫው ብድግ አለ። ምንጣፉን ተቀበለኝ፤ መዝገቡን ከፈተ።

«ምን ብዬ ላንብብልዎት እትዬ?»

«ይታይሽ ለምናለች፤ አልተሰጣትም፤ ይኸው ምንጣፉ በል።»

ጻፈ። ከዚያ ብዕሩን ከወረቀቱ አነሣ። «ሲሰሙ ይጠይቁኛል» አለ። «አምነው ነው ያስገቡት ወይስ ተቆጥተው?»

ከጠረጴዛው ላይ የወደቀውን የብዕሩን መክደኛ አንሥቼ ሰጠሁት።

«ሁለቱንም ጻፍ» አልሁት።